በወጉ፣ በአግባቡ፣ በደንብ

እንግሊዝኛ «ፕሮፐርሊ» በሚለው አንድ ተውሳከ ግሥ የሚሸፍነውን ትርጉም አማርኛ ለብዙ ቃላት አከፋፍሎታል። ቃላቱን የሚለያያቸው የድርጊቱ መዛኝ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

«በወጉ» ሲባል መዛኙ ሕዝቡ ነው። በጎጃም፣ በሽንዲም ሆነ በቡሬ ገጠር፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተ ዘመድ ተጠርቶ የተዳረች ልጅ በወጉ ተዳረች ይባላል። ሟችም በወጉ ተቀበረ የሚባለው ለሰው የሚገባው ክብር ሳይጓደልበት ሲሸኝ ነው። ወግ ግን ልብን አይመረምርም፤ የሚፈልገው ሲደረግ መታየቱን ነው። «ወግ ነው ሲዳሩ ማልቀስ» ይባላል፤ ሙሽራዋ ደስ ቢላትም ታለቅሳለች።

«በአግባቡ» ከ«ገባ» የወጣ፣ የ«ይገባዋል» ዘመድ ነው። መብትና ግዴታን ስለሚነካ መዛኙ ሕግ ወይም ኃላፊነት ነው። በጎጃም ቅኔ ቤቶች ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ተብሎ የሚከፈለው የግእዝ ሰዋስው ክፍል፣ «አገባብ»ም ሥሩ ይኸው ነው። የ«አግባብ» ጉልበት ይበልጥ የሚታየው በአሉታው ነው፦ አላግባብ ታሰረ፣ አላግባብ ተወሰደበት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 407 በሥልጣን አላግባብ መገልገልን ሲደነግግ የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው።

የ«በደንብ» ታሪክ ከሁሉም ይገርማል። ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያወጣው ሕግ ስም ሆኖ ሳለ፣ «በደንብ» ግን ሕጉን ጥሎ መጠንን ብቻ ይዞ ቀርቷል። ለገበያ የተሰጣ በርበሬ በደንብ ይደርቃል፤ ሌባም በደንብ ተደበደበ ይባላል፤ ድብደባው ትክክል ነበር ያለ ግን የለም። የእንግሊዞችም «ፕሮፐርሊ» በዕለት ንግግራቸው እንዲሁ ተንሸራትቷል፤ ክፉኛ የሰከረን ሰው በዚያው ቃል ይገልጹታል። አማርኛው ግን መመለሻ አለው፦ «በደንቡ» ሲባል ሕጉ ተመልሶ ይመጣል። «በወጉ» እና «በአግባቡ» ላይ ያለችውም ይህችው የባለቤትነት ምልክት «-ኡ» ናት፤ ነገሩ በገዛ መለኪያው ተመዘነ ታሰኛለች። የእንግሊዝኛው ቃል የላቲን ሥርም «የራስ» ማለት መሆኑ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው።

«በሥርዓት» በብዛት ለልጆችና ለተቆጡ ሰዎች የሚነገር ነው፦ በሥርዓት ተቀመጥ፣ በሥርዓት ተናገር። «በቅጡ» ደግሞ አሉታን ይወዳል፦ በቅጡ አልሰማሁም፣ በቅጡ ሳይበላ ሄደ።

የቢሮ ጽሑፍ ይህን ሁሉ ትቶ «በአግባቡ»ን ለማንኛውም ነገር ያውለዋል። «ሥራውን በአግባቡ ባለመወጣቱ» የሚል የቅጣት ደብዳቤ የትኛው ግዴታ እንደተጣሰ ካልተናገረ፣ ተቀጪው መልስ የሚሰጥበት ነገር አያገኝም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፍ ሁሉ ከቃሉ አጠገብ የተጣሰውን አንቀጽ ይጥቀስ።