አልፋማን በእግር

ሊዝበንን ለማየት ያሰበ ሰው ጉልበቱን ያዘጋጅ። የፖርቱጋል ዋና ከተማ የሆነችው ይህች የወደብ ከተማ ሁለመናዋ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ካርቱም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብሮኝ የተማረ የጊኒ ቢሳው ተወላጅ ወንድሜ እዚያ ስለሚኖር፣ በዐረብኛ እያወጋን ጠዋት በእግር ወጣን።

መጀመሪያ አልፋማ የተባለውን አሮጌ ሰፈር ወጣነው። እ.ኤ.አ. በ1755 ከተማይቱን ካወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ በአብዛኛው የተረፈ ሰፈር ነው። መንገዱ ደረጃ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ለሁለት ሰው ይጠባል። ስሙ «አልሐማ» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው፤ ፍል ውሃ ማለት ነው። ሊዝበን እ.ኤ.አ. እስከ 1147 በሙስሊሞች እጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ የቀሩት ሙስሊሞች ከቅጥሩ ውጭ፣ ሞራሪያ በተባለ ሰፈር ተወስነው ኖሩ። በ1496 ደግሞ ንጉሥ ማኑኤል ከአገር እንዲወጡ አዘዘ። ሱብሓነላህ! ዛሬ በዚያው ሞራሪያ የባንግላዴሽ ሙስሊሞች ሱቅ ከፍተዋል፤ ዙህርን ከእነርሱ ጋር ሰገድን።

ቁልቁል ስንወርድ ወንድሜ ዝም አለ። ቆይቶ፣

«ያ አኺ፣ ልጄ ዐረብኛ አታውቅም። ግን ቀኑን ሙሉ ‹ኦሻላ› ትላለች» አለኝ።

ኦሻላ በፖርቱጋልኛ «ምነው በሆነ» እንደ ማለት ነው። «አላህ ቢሻ» ከሚለው ዐረብኛ የተወረሰ ቃል ነው፤ ብዙዎቹ ግን የማንን ስም እንደሚጠሩ ሳያስተውሉ ይሉታል።

«የምፈራው፣ ለልጅ ልጆቼ የምትተርፈው ይህች ቃል ብቻ እንዳትሆን ነው» አለ።

ምን ልመልስለት? የልጅቱን ዕድሜ ጠየቅሁት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ ዘንድ ከእርሷ የሚበልጡ ጀማሪዎች አሉ። ማታ ቤቱ ስንደርስ ከቦርሳዬ የማትጠፋውን የአሊፍ ባ መጽሐፍ አወጣሁ።