የደረደራቸው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ፐርሴቪራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ መንኰራኵር ከማርስ የላከችው ፎቶግራፍ እኛ ዘንድ፣ ባሌ ሮቤ ድረስ ዘልቆ ነበር። ጄዜሮ ከተባለው ሰፊ ጉድጓድ አፋፍ ላይ የተነሣ ነው፤ በሚሊሜትር የሚለኩ ጥቁር ግራጫ ድቡልቡሎች በመቶ እየተቆጠሩ በአንድ አለት ላይ ተለጥፈው ይታያሉ። አብሮኝ የሚሠራ ወዳጄ ምስሉን አይቶ «መቼም ይህን ያድበለበለ እጅ አለ» አለ። ግጥም ለሚሞክር ሰው እንዲህ ያለው ቃል በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ነገር ግን ክብነት ብቻውን ደካማ ምስክር ነው። እሳተ ገሞራ ወደ ሰማይ የረጨው የቀለጠ ድንጋይ በአየር ላይ እየረጋ ይድበለበላል። ተወርዋሪ ኮከብ ወድቆ ያቀለጠው አለትም እንዲሁ። ማዕድን ያዘለ የከርሰ ምድር ውኃም በአለት ቀዳዳዎች ውስጥ ሲሰርግ ማዕድኑ ከአንዲት ፍሬ ነገር ዙሪያ እየተጠራቀመ ድቡልቡል ያበቅላል። እናቶቹ ሦስት ናቸው፤ የልጆቹ መልክ ግን አንድ። እኛ የባንክ ሰዎች እንኳ ፊርማን በመልኩ ብቻ አናምነውም።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2004 ሜሪዲያኒ በተባለው የማርስ ሜዳ ያረፈችው ኦፖርቹኒቲ ተመሳሳይ ድቡልቡሎች አግኝታ ነበር። ፈረንጆቹ «ብሉቤሪ» አሏቸው፤ እኛ ብንሆን አተር እንላቸው ነበር። ሲመረመሩ ሄማታይት የተባለው የብረት ማዕድን ተገኘባቸው። ጕዳዩን የፈታው ግን መልካቸው ሳይሆን አቀማመጣቸው ነው፦ ከሰማይ የዘነቡ ቢሆኑ ኖሮ በአንድ ንጣፍ ላይ በተከመሩ ነበር፤ እነርሱ ግን በአለቱ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ተሰባጥረው ተገኙ። እዚያው በቅለዋል፤ ስለዚህም ውኃ ነበረ። በ2012 ያቺው መንኰራኵር በሌላ ሥፍራ ያየቻቸው ደግሞ መልካቸው ያው ሆኖ ብረታቸው አነስተኛ ነበር። የ2025ቱ አለት ደግሞ ከመሠረቱ ተላቅቆ የተገኘ ነው፤ ከየትኛው ንጣፍ እንደ መጣ ሳይታወቅ እናቱን መለየት አይቻልም።

ለእኛ ለባሌ ሰዎች ይህን ሙግት ለመስማት ማርስ ድረስ መሄድ አያሻንም። ከጎባ ተነሥቶ በአስታው ደን መካከል ሽቅብ የወጣ ሰው 4000 ሜትር ገደማ ላይ ጅብራ የቆመበት የሳነቴ አምባ ይቀበለዋል። እዚያ ረድፍ ረድፍ ሆነው ቍልቍለቱን የሚወርዱ የድንጋይ መስመሮች አሉ፤ ርዝመታቸው እስከ 1000 ሜትር፣ ስፋታቸው እስከ 15 ሜትር ይደርሳል። ድንጋዮቹም ስድስት ማዕዘን ያላቸው፣ በመሮ የተጠረቡ የሚመስሉ ናቸው። «እጅ» የሚለው ወዳጄ እዚህ ቢሟገት ማስረጃ አያጣም፤ ፊንጫ ሀበራ ከተባለው ዋሻ የተገኘው ቅሪት በዚህ ተራራ ላይ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰው እንደ ኖረ ያስረዳልና።

ሆኖም በ2021 የታተመው ጥናት ሥራውን ለውርጭ ሰጥቶታል። ማዕዘኑን የሰጠው የቀለጠው ድንጋይ ሲቀዘቅዝ እየተኰማተረ መሰንጠቁ ነው። ረድፉ ደግሞ በበረዶው ዘመን የተሠራ ነው፤ በአፈር ውስጥ ያለው ውኃ ሲረጋ ድንጋዩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሲቀልጥ ደቃቁ አፈር ከሥሩ ይገባና ድንጋዩ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ይህ ሲደጋገም ድንጋይ ከድንጋይ፣ አፈር ከአፈር ይለያያል፤ በቍልቍለት ላይ ሲሆን መስመር ይሠራል። ዛሬ የሳነቴ ውርጭ መሬቱን የሚያረጋው ጥቂት ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ያን ያህል ድንጋይ ለማንቀሳቀስ አይበቃም።

ስለ እነዚህ ረድፎች ግጥም ስጀምር ቋንቋው ራሱ ያስቸግረኛል። «የደረደራቸው» ስል «ማን?» የሚል ይከተላል፤ «ተደረደሩ» ስልም ባለቤቱ ከ«ተ» ጀርባ የተሸሸገ ይመስለኛል። «ውርጭ ደረደራቸው» ብዬ የመጀመሪያውን ስንኝ ጽፌአለሁ። ሁለተኛው ገና አልመጣም።