«አልገባኝም» ለማለት አንድ ሴሚስተር ፈጀብን



ይህን የምንጽፍላችሁ ከካይሮ ነው። የመጀመሪያ ሴሚስተራችን ፈተና ሊጀምር ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። አራት ሆነን በተከራየናት ቤት ውስጥ ጋቢያችንን ተከናንበን፣ ኪታቦቻችንን ዘርግተን ተቀምጠናል። ካይሮ ሲባል ሙቀት ብቻ ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ፣ የዚህ አገር ቤቶች የተሠሩት ለሙቀቱ ነው። የጥር ብርድ ሲመጣ ግድግዳውም ወለሉም በረዶ ይሆናል፤ ለፈጅር ውዱእ ማድረግ ራሱን የቻለ ትግል ነው።

አንዳችን ከደሴ፣ አንዳችን ከወራቤ፣ አንዳችን ከጅማ፣ አንዳችን ከአዲስ አበባ ኮልፌ ነን። አገር ቤት ሳለን አንተዋወቅም ነበር። ዛሬ ግን ማን በእንቅልፍ ልቡ የትኛውን ሱራ እንደሚቀራ ሳይቀር እንተዋወቃለን።

የፒራሚዱንና የዓባይ ዳሩን ፎቶ ልከንላችኋል፤ አይታችሁ «ማሻአላህ» ብላችኋል። ዛሬ የምንነግራችሁ ፎቶው ላይ ስለማይታየው ነው።

ስንመጣ በየሰፈራችን መስጂድ ዱዓ ተደርጎልናል። እናቶቻችን በሶ፣ ቆሎና በርበሬ ቋጥረውልናል። የአንዳችን እናት የአውሮፕላን ትኬት የገዙለት የእቁብ ዕጣቸውን ለምነው፣ ከተራቸው በፊት አውጥተው ነው። ከልጅነታችን ጀምረን የቀራን፣ ከእኩዮቻችን ቀድመን ኪታብ ያኸተምን፣ ታናናሾቻችንን ያስቀራን ስለሆንን «ዐረብኛ ለእናንተ ምን አላት!» እየተባልን ነው የተሸኘነው። እኛም አምነን ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሙሓደራ ላይ ዶክተሩ ገባ (እዚህ የዩኒቨርሲቲ መምህርን ዶክተር ብለው ነው የሚጠሩት)። ሰላምታ ሰጠ፤ ያ ገባን። ከሰላምታው በኋላ ያለው ግን አለፈን። የካይሮ ሰው በዕለት ተዕለት ንግግሩ «ቀ»ን ይውጣታል፤ «ቀልብ» ብለን የምናውቀው «አልብ»፣ «ቀህዋ» ደግሞ «አህዋ» ይሆናል። «ጀ» ወደ «ገ» ትዞራለች፤ «ጀመል» የነበረው «ገመል» ይባላል። ይቺ እንኳን የራሳችንን ግመል ስለምትመስል አልከበደችንም። ሌላው ግን ስንት ዓመት በነሕው የደከምንበትን ዐረብኛ አይመስልም። መሐል ላይ ዶክተሩ አንድ ነገር ተናገረና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። በምን እንደሳቅን እስከ ዛሬ አናውቅም።

ማታ ቤት ስንገናኝ «ትምህርቱ እንዴት ነበር?» ተባባልን። «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደህና ነበር» አልን፣ አራታችንም። በማግስቱም እንደዚያው፤ በሳምንቱም እንደዚያው። ከአገር ቤት ሲደወልልን ድምፃችንን ሞቅ አድርገን «ደህና ነን፣ ትምህርቱም ቀላል ነው» እንላለን። አራታችን በአንድ ክፍል እያደርን፣ ከአንድ ሳህን ፉል እየበላን፣ ከወር በላይ እንዲህ ተሸዋወድን። እያንዳንዳችን «ያልገባኝ እኔ ብቻ ነኝ» ብለን እናስብ ነበር።

ከዚያ የአጋማሽ ፈተና ውጤት መጣ። ከመካከላችን በሒፍዙም በቂርአቱም የሚበልጠን ልጅ በአንደኛው ትምህርት «ራሲብ» ተባለ። ወደቀ ማለት ነው። ለማንም አልነገረም። አሞኛል ብሎ ሦስት ቀን ከክፍል ቀረ። በሦስተኛው ሌሊት አንዳችን ለተሐጁድ ስንነሳ ስልኩን ይዞ የመመለሻ ትኬት ዋጋ ሲፈልግ አገኘነው። ሻንጣው ግማሽ ድረስ ተሞልቷል። «ምን ሆነሃል?» ስንለው የመለሰልን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የእናቴን እቁብ በላሁት።»

ምን እንደምንለው ጠፋን። ዝም ብለን ቆየን። ከዚያ ሁለተኛው ልጅ «እኔም እኮ ምንም አይገባኝም» አለ። ሦስተኛውም «እኔም» አለ። አራተኛው ቀልድ አዋቂ ነውና «እኔማ ሰላምታውም ካለፈኝ ቆይቷል» ብሎ አሳቀን። በዚያ ሌሊት ካይሮ ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባችን ሳቅን። አንዳንዳችን ደግሞ አልቅሰናል፤ እንደብቃችሁ አንልም።

ጧት ላይ እናቱ ጋር ደወለ። እኛም ከጎኑ ነበርን። «እማዬ፣ ፈተና ወድቄያለሁ። የሚናገሩት አይገባኝም። ደህና ነው ስልሽ የነበረው ውሸት ነው» አላት። እሷ ትንሽ ዝም አለችና «ልጄ፣ የሚገባህማ ቢሆን ኖሮ እዚያ ድረስ ምን አስኬደህ? አብሽር። እቁብ ይጣላል፣ ይወጣል። አንተ ብቻ ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ» አለችው። ሻንጣው ተፈታ።

በዚያው ሳምንት ሙሓደራ ላይ አንዳችን እጁን አወጣ። እጁ ሲንቀጠቀጥ አይተናል። «ያ ዶክተር፣ ማ ፈሂምና» አለ፤ አልገባንም ማለቱ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ዶክተሩ «ከየት ናችሁ?» ሲል ጠየቀ። «ከሐበሻ።» ፊቱ በራና «የነጃሺ አገር ልጆች!» አለ። ከዚያ ትምህርቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ቀስ ብሎ፣ በፉስሓው ዐረብኛ ደገመልን። ስንወጣ ሁለት የኢንዶኔዥያ ልጆችና አንድ ናይጄሪያዊ በር ላይ ጠብቀው እጃችንን ጨበጡን። እነሱም ያንን ሁሉ ጊዜ ምንም ሳይገባቸው ሲስቁ ነበር የከረሙት!

ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ሙዛከራ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ፊቅሁን፣ አንዱ ሐዲሡን፣ አንዱ ነሕውን ይዞ ለሌሎቹ ያስረዳል። አንድ ሕግ አለን፤ ያልገባው ሰው ዝም ካለ የዚያን ቀን ዕቃ አጣቢው እሱ ነው።

ጁሙዓ ጁሙዓ አዝሀር መስጂድ እንሰግዳለን። በ972 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ጁሙዓ ከተሰገደበት ጊዜ ጀምሮ ከሺህ ዓመት በላይ ስንቱ ደረሳ በዚያ ግቢ ተቀምጧል! ጥንት ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ሪዋቅ የሚባል ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። ቱርኮቹ የራሳቸው፣ ሻሞቹ የራሳቸው፣ መግሪቦቹ የራሳቸው። ከእኛ ቀጠና ለሚመጡት ደግሞ የጀበርቶች ሪዋቅ ነበር። በ1798 ናፖሊዮን ግብፅን ሲወር ያየውን የመዘገበው ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) ቤተሰቦቹ የዚያ ሪዋቅ ኃላፊዎች ነበሩ። ከቀደምት አባቶቹ አንዱ ከዘይላዕ ወገን ካለው የጀበርት ምድር ለዒልም ብሎ ካይሮ የገባ ሰው ነው።

እኛ ይህን ታሪክ አገር ቤት ስንሰማው የምንኮራበት ነበር። እዚህ ሆነን ስናስበው ግን ሌላ ጥያቄ መጣብን። ያ የመጀመሪያው ሰው እንደ ደረሰ የካይሮ ሰዎች ሲያወሩ ገብቶት ይሆን? ስልክ የለ፣ ትርጉም የለ፣ የእናት ድምፅ የለ። አንድ ጣሪያ ሥር አብረውት የሚያድሩ የአገሩ ልጆች ብቻ ነበሩት። ሪዋቅ የተባለው ነገር ጥቅሙ አሁን ነው የገባን። የወሎ ደረሶችም ከሸኽ ወደ ሸኽ በእግራቸው ሲዞሩ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ታላቁ ታናሹን እያስቀራ ነው ያደጉት።

ኢማም ማሊክ ብዙ ጥያቄ ቀርቦላቸው አብዛኛውን «አላውቅም» ብለው መመለሳቸውን ሁላችንም ሰምተናል። እኛ ራሳችን ይህንን ለታናናሾቻችን ስንተርክ ኖረናል። ለራሳችን ሲሆን ግን አፋችን እምቢ አለ። ያ ሁሉ ሰው «ዓሊሞቻችን» ብሎ ሸኝቶን እንዴት «አላውቅም» እንበል? ያሰቃየን ዐረብኛው ብቻ አልነበረም፤ ይዘነው የመጣነው ስም ነበር።

ስለዚህ ለትምህርት ወደ ውጭ ለምትወጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ካይሮም ይሁን ኢስታንቡል ወይም መዲና፣ አንድ አደራ አለን። ያልገባችሁን በመጀመሪያው ሳምንት ተናገሩ። አብሯችሁ ለሚያድረው ንገሩት፤ ምናልባት እሱም እንደናንተው ነው። ቤተሰብ ለሆናችሁ ደግሞ፣ ስትደውሉ «ጎበዝ ነህ አይደል?» ብቻ አትበሉን። «ምን ከበደህ?» በሉን። ያኔ እውነቱን ለመናገር በር እናገኛለን።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ምን እንደሚገጥመን አናውቅም። አራታችንም እናልፍ ይሆናል፤ አንዳችን ዳግመኛ «ራሲብ» እንባል ይሆናል። የተስማማነው ነገር ቢኖር ውጤቱ የመጣ ቀን፣ ምንም ይሁን ምን፣ በዚያው ቀን ወደ ቤት እንደምንደውል ነው።

በዱዓችሁ አትርሱን። አላህ ለሁላችንም ጠቃሚ ዒልም ይወፍቀን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ