ያልታሸ ሊጥ

እናቴ ሊጥ ማሸት ካቆመች አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ያስቆማት የጣቶቿ መገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ ጠዋት ጠዋት የቡና ስኒ እንኳ በሁለት እጇ ካልሆነ አታነሣም። ቤታችን ዳቦ አጥቶ አያውቅም፤ ከዳቦ ቤት ይገዛል። ያጣነው እሷ ዳቦ የምትደፋበትን ቅዳሜ ነው። የተገዛውን "የሰው እጅ" ትለዋለች፤ ትቆርሰዋለች እንጂ አታመሰግነውም።

አምና ለንደን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ለዕረፍት መጥታ ሳለ የቺዝ ስኮን ጋግራ አቀረበችልን። ስኮን ከስኮትላንድ የመጣ ትንሽ ክብ ዳቦ ነው፤ ኦቨን በየቤቱ ከመግባቱ በፊት እንደኛው አምባሻ በምጣድ ላይ ይጋገር ነበር። የታወቀው በማርማላታ የሚበላው ጣፋጩ ነው። ይሄኛው ግን ስኳር የለበትም፤ እናቴ እንደምትለው "ጨውና ፎርማጆ" ነው። ደስ ስላላት አሠራሩን በወረቀት አስጻፍኩ።

እንግዳችን ስትሄድ ማጀት ገባሁ። 225 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ ቁንጥር ጨው፣ ከፍሪጅ የወጣ 50 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 100 ግራም የተፈቀፈቀ ቼዳር፣ ግማሽ ብርጭቆ ወተት። ወረቀቱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይላል፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሊጥ ቶሎ ይነፋል፤ ሁለት አደረግሁት። በሰናፍጩ ፋንታ ሚጥሚጣ ነሰነስኩ። ከዚያም እናቴ ስታደርግ እያየሁ እንዳደግሁት፣ ሊጡን በቡጢዬ እየደቆስኩ አሥር ደቂቃ ሙሉ አሸሁት። በ220 ዲግሪ ሩብ ሰዓት ቆይቶ የወጣው ድንጋይ ነበር።

እናቴ አንዱን አንሥታ ጠረጴዛውን አንኳኳችበትና፣ "ይኼ ለእንግዳ ነው ለሌባ?" አለች።

ለንደን ስደውል የአክስቴ ልጅ ሣቀች። "ማን እሸው አለህ?" በእርሾ የሚቦካ ሊጥ የሚታሸው ውስጡ ያለው ግሉተን እንዲጠነክርና ቀስ እያለ የሚመጣውን አየር አፍኖ እንዲይዝ ነው። ቤኪንግ ፓውደር ግን ርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ወዲያው ስለሚነፋ፣ የታሸ ሊጥ ይከብደዋል። ስኮን ተሰብስቦ፣ ተድጦ፣ በቶሎ ኦቨን መግባት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ስልኩን ዘግቼ የእናቴን እጆች አየሁ። ማሸት የማይወድ ዳቦ አለ ማለት ነው!

ኋላ ሳነብ፣ አልፍሬድ በርድ የተባለ የበርሚንግሃም መድኃኒት ቀማሚ በ1843 እ.ኤ.አ. የራሱን ቤኪንግ ፓውደር የሠራው ሚስቱን እርሾ ስለማይስማማት እንደሆነ አገኘሁ። ለካስ ይህ ነጭ ዱቄት በአንድ ቤት ሕመም ምክንያት የተበጀ ኖሯል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳህኑን እናቴ ፊት አቀረብኩ። ቅቤውን ከዱቄቱ ጋር ያፍተለተልኩት እኔ ነኝ፤ ያ ጣት ይፈልጋል። ወተቱን ሳፈስላት እሷ በማንኪያ ሰበሰበችው፤ በመዳፏ ቀስ አድርጋ ዳጠችው፤ በሻይ ብርጭቆ አፍ እየቆረጠች አወጣችው። "ሳያድር? ሳይታሽ?" እያለች እስከ መጨረሻው አላመነችም። ኦቨኑ ፊት ወንበር አስቀርባ ተቀመጠች።

አሥራ ሁለት ወጣላት። ከላይ ቢጫው ፎርማጆ ቀልጦ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል። አንዱን ፈርከስ አድርጋ አሸተተችው፤ ቀመሰች፤ አንዳች አልተናገረችም። ከዚያ ተነሥታ አራቱን በሳህን አደረገችና በነጭ ጨርቅ ሸፈነቻቸው። እንዲህ ያለውን ሳህን ለጎረቤት ካደረስኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነበር።

"እሳት ሳለ አድርስላቸው፤" አለችኝ። "እኔ ነኝ የደፋሁት በላቸው።"