ካሜራው ማን ላይ አረፈ?

እስቲ አቦሉ ሳይበርድ እንጫወት። የአልበም አሠራርን የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ስታዩ ዓይናችሁ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? የኔ ዓይን ከዘፋኙ ጀርባ ይሄዳል፦ ተቀባዮቹ ላይ፣ መሰንቆ መቺው ላይ፣ ሙዚቃውን አቀናብሮ ጥግ ይዞ የተቀመጠው ሰው ላይ። ካሜራ ያለፈውን ሰው ትውልድም ያልፈዋል ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ነው የጋሽ ግርማ በየነን ፊልም የምወደው። ማቼይ ቦህኒያክ የተባለ የፖላንድ ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ2017 ‹‹ኢትዮፒክስ›› የሚል ዘጋቢ ፊልም አቀረበ። ጋሽ ግርማ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን ዘፋኞች ሙዚቃ ያቀናበሩ፣ ራሳቸው ግን ጥቂት ዘፈን ብቻ ያስቀረጹ ፒያኒስት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ፤ ሙዚቃውን ትተውም ነዳጅ ማደያ ሠሩ። ከስንት ዘመን ዝምታ በኋላ ‹‹አካሌ ውቤ›› ከሚባል የፓሪስ ባንድ ጋር አልበም ሠሩ። አልበሙ ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው የኢትዮፒክስ የአልበም ተከታታይ 30ኛው ሆኖ ወጣ። ዘፋኙን እንጂ አቀናባሪውን የማናውቅ ሰዎች ነንና፣ አንድ አቀናባሪ በስተርጅና መሐል ላይ ተቀምጦ ማየት አንጀት ያርሳል።

በፊልሙ ውስጥ አምሃ እሸቴም አሉ። ሕጉ ሸክላ የማሳተምን መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ሰጥቶ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍረው የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ ያወጡት እሳቸው ናቸው።

ግን ልብ በሉ፤ ታሪኩን ተሸክመው የሚሄዱት ወንዶች ናቸው። ያ ዘመን እኮ የብዙነሽ በቀለም ዘመን ነበር፤ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር የዘፈነችው። የሂሩት በቀለም ነበር፤ ፖሊስ ኦርኬስትራ ያሳደጋት። የነሱ አልበም እንዴት ተሠራ? ግጥሙን ማን ሰጣቸው? ስቱዲዮ ውስጥ ማን ሰማቸው? ይህን የሚነግረን ፊልም ይገባን ነበር። ራሔል ሳሙኤል ስለ አስናቀች ወርቁ የሠራችው ‹‹አስኒ›› ይህን ጉድለት በጥቂቱ ሞልቶልናል። ያም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ሲቀርብ ባለክራሯ አርፈው ነበር።

ካሜራውን የውጭ ሰው መያዙ አይከፋኝም። ፖል ሳይመን ከደቡብ አፍሪካ ሙዚቀኞች ጋር የሠራውን ‹‹ግሬስላንድ›› አልበም የሚተርከው ‹‹አንደር አፍሪካን ስካይስ›› የአሜሪካዊ ዳይሬክተር ሥራ ነው። ግን ሳይመን የአፓርታይዱን ዘመን የባህል ማዕቀብ በመጣሱ የወቀሰውን ዳሊ ታምቦን ፊት ለፊት አስቀምጦ ያናግረዋል፤ የደቡብ አፍሪካ ሙዚቀኞችም ስለ ራሳቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ወቀሳውን ሳይቆርጡ ማሳየት የፊልሙን ክብር ጨመረለት እንጂ አልቀነሰበትም።

ይህ ሁሉ የሚያሳስበኝ እዚህ አቡ ዳቢ፣ አል ሙሽሪፍ ስለምኖር ነው። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ‹‹ማርያም፣ የኢሳ እናት›› ተብሎ የተሰየመው መስጊድ ከአብያተ ክርስቲያናት ጋር የተጎራበተበት ነው። በዕረፍት ቀን ኡም አል ኢማራት ፓርክ ብትገቡ፣ ከሚሠሩባቸው ቪላዎች የወጡ እህቶቻችን፣ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም፣ ፔርሙዝ መሐል አድርገው በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ታገኟቸዋላችሁ። አንዷ የጆሮ ማዳመጫዋን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለጓደኛዋ ትሰጣለች። አዲስ ዘፈን ሲወጣ ደጋግመው የሚከፍቱት፣ ግጥሙን በቃል የሚይዙት፣ ለአገር ቤት ቤተሰብ የሚልኩት እነሱ ናቸው። ስለ ሙዚቃችን በተሠራ ፊልም ውስጥ ግን እነሱን አላየሁም።

እናንተ ዛሬ ስቱዲዮ ገብታችሁ አልበም የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ አንድ ካሜራ ክፍት አድርጉ። ተቀባዮቹን በስማቸው ጥሩልን፤ መሰንቆ መቺውን ምን እንዳሰበ ጠይቁልን፤ አንድ ቀንም ወደዚህ መጥታችሁ ከነዚህ እህቶች ጋር ቁጭ በሉ።