ትንንሾቹ ጀግኖቻችን

ሰው ከመሥሪያ ቤት ወደ ማረፊያው በተመለሰ ጊዜ መንፈሱን የሚያሳርፍበት አንድ ነገር ይሻል። አንዱ መጽሐፍ ያነባል፤ አንዱ አትክልት ይኮተኩታል፤ ሌላውም ከወዳጆቹ ጋር ቡና ይጠጣል። እኛ ግን፣ ስንናገረው ጥቂት እያፈርን፣ በጅቡቲ ወደብ ስንኖር ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጡ የጀግኖች ምስሎችን ስንሰበስብ ዓመታት አሳልፈናል። ዛሬ ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣነው ምስሎቹን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ በእነርሱ ምክንያት ያጠፋነውና የተማርነው ነገር ስላለ ነው።

አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባችን ምስሎቹን በመጀመሪያ ባያቸው ጊዜ፣ «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ አሻንጉሊት ይጫወታሉ?» ሲል ጠየቀን። አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ስላልሆነ ቃላትን መመዘን ልማዳችን ነውና ነገሩን አሰብንበት። አሻንጉሊት ሕፃን የሚያቅፈው ነው፤ ሐውልት በአደባባይ የሚቆም ነው፤ ምስል ግን ትንሹንም ትልቁንም ይይዛል። ስለዚህ ምስል ማለትን መረጥን። በእንግሊዝኛ ሱፐር ሂሮ የሚባለውንም በዘመናችን ልዕለ ጀግና ይሉታል። ልዕለ ከግእዝ የመጣ ቃል ሆኖ ከሌላው በላይ መሆንን ያመለክታል፤ በትግርኛም ላይኛውን ላዕሊ ስለምንል ቃሉ ለእኛ እንግዳ አልነበረም።

በገበታ ዙሪያ መጫወትን የለመድነው ገና በልጅነታችን ነው። በአዲግራት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር፣ በዕረፍት ሰዓት በካርቶን ላይ መስመር አስምረን በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ እንጫወት ነበር፤ የአንዱ ቆርኪ በጀርባው፣ የሌላው በፊቱ ይቀመጣል። በአገራችን ከዚህ የከበረ ጨዋታም ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ወደ ትግራይ በመጣ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። በእኛ አገር ሰንጠረዥ ንጉሡም፣ ፈረሱም፣ ዝሆኑም ይገኛሉ፤ በመጀመሪያው ወረራ ጊዜ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እኩል ያንቀሳቅሳሉ። እንግዲህ ትንሽ ምስልን በገበታ ላይ ማዋጋት ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር ነው ማለት አይቻልም።

በውጭውም ዓለም ቢሆን ታላላቅ ሰዎች ከዚህ አልራቁም። ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 ዓ.ም. «ትንንሽ ጦርነቶች» የሚባል መጽሐፍ አሳትሞ፣ ሰዎች እውነተኛውን ጦርነት ትተው በአሻንጉሊት ወታደሮች ቢዋጉ እንደሚሻል አሳስቦ ነበር። በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ።

ወደ ጅቡቲ የመጣነው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሥራችን ወደ አገራችን የሚገባውን ዕቃ የትራንዚት ሰነድ መመርመር ነው። በዶራሌ ኮንቴይነሩ ከመርከብ ይወርዳል፤ ከዚያም በከባድ መኪና በጋላፊ በኩል ወይም በባቡር ወደ አገር ቤት ይጓዛል። ባለቤታችንና ልጃችን በመቀሌ ቀርተው ነበር። አንድ ቀን ምሽት፣ ነባሩ ስሙ የምኒልክ አደባባይ በሆነው ስፍራ ባለ ቡና ቤት፣ መርከቡ ተራ የሚጠብቅበት አንድ መርከበኛ ብቻውን ተቀምጦ ትንንሽ ምስሎችን በጠረጴዛ ላይ ደርድሮ አየን። የምንጫወት መስሎት በእጁ ጠቀሰን። ተቀመጥን። በመጨረሻም አንዱን ምስል ለልጃችን እንድንልክ ሰጠን።

ጨዋታው ሂሮክሊክስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ ዊዝኪድስ የተባለ ድርጅት ያወጣው ነው። እያንዳንዱ ምስል የቆመበት ክብ መሠረት እንደ ሰዓት መሙያ ይዞራል። በመሠረቱ ላይ ባለች ትንሽ መስኮት የጀግናው ፍጥነት፣ የጥቃቱና የመከላከሉ ኀይል፣ የሚያደርሰውም ጉዳት በቁጥር ይታያሉ። ሁለት ዳይስ ይጣላል፤ ጀግናው በተመታ ቁጥር መሠረቱ ይዞራል፤ ቁጥሮቹም ብዙውን ጊዜ እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ በመጨረሻ ከጨዋታ ይወጣል። ጀግና የሚደክምበት ጨዋታ በመሆኑ ወደድነው። ተጫዋቾቹም አስቀድመው በአንድ የነጥብ ልክ፣ ለምሳሌ በ300፣ ስለሚስማሙ እጅግ ኀያል የሆነውን የመረጠ ሰው ለጓደኞቹ የሚሆን ነጥብ አይተርፈውም።

ምስሎቹ ከፕላስቲክ የተሠሩ ስለሆኑ የጅቡቲ በጋ አይስማማቸውም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን ሰይፋቸውም እግራቸውም ይጣመማል። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ የተጣመመውን በሙቅ ውሃ አልስልሶ ማቅናት፣ ወዲያውም በቀዝቃዛ ውሃ መንከር ነው። እኛም በየሳምንቱ መጨረሻ በዚህ ሥራ ስንደክም ቆይተን፣ ዕረፍት ባገኘን ጊዜ ጥቂት ምስሎች ይዘን ወደ መቀሌ እንሄድና ከልጃችን ጋር እንጫወት ነበር። ልጃችን በ2010ሮቹ መጀመሪያ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የታተመውን የአገራችንን ልዕለ ጀግና የጀምበርን የሥዕል መጽሐፍ ወዶ ነበርና፣ «ጀምበርን አምጣልኝ» አለን። እኛም ከሌላ ጀግና ምስል ላይ ጥቂቱን ቆርጠን፣ ጥቂቱን ለጥፈን፣ በቀጭን ብሩሽ ቀብተን ለመሥራት ቃል ገባንለት።

ቃላችንን ሳንፈጽም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ። ስልኩ ተቋረጠ፤ ለጥቂት ወራት ተመለሰ፤ በሰኔ ወር እንደገና ጠፋ። ባንኩም ተዘጋ። ዓመት ከመንፈቅ የቤተ ሰባችንን ድምፅ ሳንሰማ፣ አንድ ብር እንኳ ሳንልክላቸው ቀረን። ጠዋት የሌላውን ሰው ዕቃ ወደ አገር ቤት በሰላም እንዲገባ ሰነዱን እየፈረምን እንሸኛለን፤ ማታ ግን ለራሳችን ሰዎች የምንልክበት መንገድ አልነበረንም።

አሁን ጥፋታችንን እንናገር። እነዚህ ምስሎች በታሸገ ሣጥን ይሸጣሉ፤ ገዢው ሣጥኑን ሳይከፍት በውስጡ ማን እንዳለ አያውቅም። በዚያ ወራት ወደ ዱባይ የሚመላለስ አንድ ነጋዴ ሣጥኖቹን ያመጣልን ነበር። በመጀመሪያ በወር አንድ ገዛን፤ ኋላም በሳምንት አንድ። ሌላው ጥያቄያችን ሁሉ መልስ ባጣበት ጊዜ፣ ሣጥኑ ሲከፈት ቢያንስ አንድ ነገር ይታወቅ ነበር። ከደመወዛችን ለቤተ ሰባችን ልናስቀምጠው የሚገባን ገንዘብ እኩሌታው በዚህ ሄደ። በመደርደሪያችን ላይ 142 ጀግኖች ቆሙ። አንዱንም ግን አንሥተን አልተጫወትንበትም፤ የምንጫወተው ሰው አልነበረምና።

በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ በታኅሣሥ ወርም ስልኩ ተመለሰ። ባለቤታችን በመጀመሪያ የተናገረችው ቃል፣ «አለን» የሚል ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ በእነዚያ ወራት ጎረቤታችን እናት ጤፍና ገንዘብ እያበደሩ እንዳኖሯቸው ነገረችንና፣ ያስቀመጥነው ስንት እንደ ሆነ ጠየቀችን። ልንዋሽ አሰብን። ነገር ግን አልሆነልንም፤ እውነቱን ነገርናት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ስሟን ጠራን። ከዚያም፣ «የተጨነቀ ሰው እጁን ባዶ ማድረግ አይችልም፤ ይገባኛል። የእማማን ብድር ግን እንከፍላለን» አለች።

በዚያው ሳምንት 130ውን ምስል በዚያው ነጋዴ እጅ ሸጥን። ከገዛንበት ዋጋ እጅግ ባነሰ ሸጥናቸው፤ ብርቅ የተባሉት እንኳ የታሰበውን ያህል አላወጡም። የቀረውን ከደመወዛችን ጨምረን ብድሩን በ4 ወር ከፍለን ጨረስን። ዐሥራ ሁለቱን አስቀርተን፣ ለጀምበር የታሰበውን ምስል በሦስት ሌሊት ሠርተን፣ መንገዱ በተከፈተልን ጊዜ ወደ መቀሌ ሄድን።

ስንለየው ከወገባችን በታች የነበረው ልጃችን ትከሻችን ላይ ደርሶ ነበር። እጃችንን ስሞ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ምስሎቹን አውጥተን ስንደረድር ዝም ብሎ ተመለከተ። ዘግይቶ ቀረበና የአንዱን ኀያል መሠረት እያዞረ ቁጥሩ ሲወርድ ተመለከተ። «ኣቦይ፣ የተመታውን የሚያክም የለም?» ሲል ጠየቀን። አለ አልነው፤ አንዳንዱ ጀግና ኀይሉ ጥቂት ቢሆንም አጠገቡ ያለውን ቍስለኛ ወደ ቀድሞው ቁጥሩ መመለስ ይችላል። ልጃችን በ300 ነጥቡ ኀያሉን ትቶ፣ ጀምበርን፣ ያንን ሐኪምና ሦስት ደካሞችን መረጠ። እኛ ኀያሉን ወሰድን። ተሸነፍን።

በነጋታው የእማማን የልጅ ልጆች ጠራ። በጨዋታው መካከል የአንዱ ምስል ክንድ ተሰበረ። ቀድሞ ቢሆን እንቆጣ ነበር፤ ያን ቀን ግን ክንዱን ከምንጣፍ ላይ ፈልገን በሙጫ ለጠፍነው።

ምስል የሚሰበስብ ወዳጅ ቢኖረን የምንመክረው ይህን ነው፤ ከመግዛቱ በፊት ከማን ጋር እንደሚጫወት ያስብ፤ ዋጋውንም ለቤቱ አይሰውር። እኛ ወደ ጅቡቲ ስንመለስ ዐሥራ ሁለቱንም ጀምበርንም በመቀሌ ትተናቸው መጣን። መደርደሪያችን ባዶ ነው። በጠረጴዛችን ላይ ያለው የተሰመረ ካርቶንና ስም የተጻፈባቸው ዐሥራ ሦስት ቆርኪዎች ናቸው። ዓርብ ማታ፣ በጅቡቲ ሥራ በማይኖርበት ቀን፣ ልጃችን ይደውላል። እርሱ በዚያ ምስሉን፣ እኛ በዚህ ቆርኪውን እናንቀሳቅሳለን፤ ዳይሱን ሁልጊዜ የሚጥለው እርሱ ነው፤ የሚነግረንንም ቁጥር እናምናለን።