ጓሮ ያለው ቤት፦ ከቦሌ እስከ አራብሳ

የዛሬው ጉዟችን ፓስፖርትም ስንቅም የማያስፈልገው፣ በታክሲ ተጀምሮ በታክሲ የሚያልቅ ነው። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስተን በገርጂ፣ በጃክሮስና በጎሮ በኩል አድርገን፣ ሰሚትንና አያትን አይተን ቦሌ አራብሳ ላይ እናበቃለን። የምናየው ግን ፎቁንና አስፋልቱን አይደለም፤ ከአጥሩ ጀርባ ያለውን ጓሮ ነው። በዚህ የኑሮ ውድነት አንድ ቤተሰብ ከገዛ ግቢው ምን ያህሉን ሊበላ ይችላል? ይህንን ጥያቄ ይዘን እንነሳ።

ትናንት እርሻ የነበረው

እንደሚታወቀው የከተማችን ምሥራቅ በአብዛኛው ሜዳ ነው። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምት ውሃ ሲጠግብ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቤት የሚሠራ ሰው ግድግዳው እየተሰነጠቀበት ይህን አፈር ያማርረዋል። ገበሬው ግን ይወደው ነበር። ጤፍና ስንዴ ይዘራበታል፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ሽምብራና ጓያ ያበቅልበታል። ላም በረት የሚለው የሰፈር ስም ራሱ ምን ዓይነት አገር እንደነበረ ይመሰክራል።

አውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ወደ ቦሌ መጣ። ሲ.ኤም.ሲ. የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በደርግ ዘመን ቤቶቹን ከሠራው የጣሊያን ድርጅት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የኮንዶሚኒየም ሥራ ሲጀመር ገርጂ ላይ በሙከራ መልክ ተሠራ፤ ከዚያ ወዲህ ሰሚት፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ እያለ እስከ ከተማው ጫፍ ደረሰ። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ክፍለ ከተሞች ተከፍሎ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ እስኪቋቋም ድረስ ሕዝቡ በዛ። በዚህ መካከል ማሳው አለቀ። ለብዙ የአካባቢው ገበሬዎች የካሳ ገንዘቡ ከእጃቸው ሲወጣ፣ የቀረቻቸው ጓሮ ብቻ ነበረች።

ጎሮ ላይ አንድ ግቢ

ጎሮ ላይ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ ግቢ ጎበኘን። የግቢው እመቤት ባላቸው በሕይወት የሌሉ፣ ከልጃቸው፣ ከምራታቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ እናት ናቸው። የአባታቸው ማሳ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል። ከቤቱ በስተኋላ ያለው ጓሮ ከ100 ካሬ ሜትር አይበልጥም። አጥሩን ተጠግቶ ሦስት እግር እንሰት ቆሟል፤ ቅጠሉ ዳቦ ሲጋገር ይፈለጋል፣ ጎረቤትም ለዒድ እየመጣ ይቆርጣል። በመደብ በመደብ ጎመን፣ ቆስጣና ቃሪያ ተተክሏል። በሩ አጠገብ ጤና አዳምና በሶብላ አለ። ጥግ ላይ አሥር ዶሮ የሚያድርበት ቆጥ፣ ከአሸንዳው ሥር ደግሞ ሦስት በርሜል አለ። ዓረፋ ሲቃረብ አንድ በግ ይጨመራል።

እኚህ እናት ለፈጅር ሲነሱ ሥራቸው አብሮ ይነሳል። የውዱእ ውሃ ሳሙና የለበትምና በከንቱ አይፈስም፤ ባኞ ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ ጎመኑ መደብ ይሄዳል። በአምስት ጊዜ ሶላት የቤተሰቡ ሁሉ ውዱእ ሲደመር ለአንድ መደብ ይበቃል። ከዚያ የእንጀራው ፍርፋሪና የጎመኑ ግንድ ለዶሮዎቹ ይሰጣል። የዶሮው ኩስ በቀጥታ ከአትክልቱ ሥር አይጣልም፤ ትኩስ ከሆነ ሥሩን ያቃጥላል። ከድንች ልጣጭ፣ ከቡና አተላና ከደረቅ ቅጠል ጋር ተደባልቆ፣ እየተገላበጠ፣ በስብሶ አፈር እስኪመስል ወራት ይጠብቃል። ጎመኑም አይነቀልም፤ ከሥር ያለው ቅጠል እየተቀነጠበ ጫፉ ይተዋል፣ ያድጋል፣ እንደገና ይቀነጠባል።

ለትላልቆቹ የልጅ ልጆች ሥራ ተከፋፍሎላቸዋል። አንዱ እንቁላል ይሰበስባል፣ አንዷ ውሃ ታጠጣለች። «ልጆቹ ጎመን ከሱቅ የሚመጣ ነገር እንዳይመስላቸው ነው» አሉን።

እንግዲህ በዚህ ቤት አንድ ክርክር አለ። ልጃቸው ጓሮው ተለስኖ ሦስት የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች እንዲሠሩበት ይፈልጋል። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ አለበት፣ በአካባቢው ለአንዲት ክፍል የሚጠየቀውንም ኪራይ ያውቃል። «እማዬ፣ ጎመን እኮ የትምህርት ቤት አይከፍልም» ይላቸዋል። እርሳቸውም «ልጄ፣ አባቴ ማሳውን ሲለቅ የተቀበለው ገንዘብ ስንት ዓመት ቆየ?» ይሉታል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ስለዚህ ሂሳቡን በቅንነት እናስላው።

ጓሮ የሚችለውና የማይችለው

መጀመሪያ የማይችለውን እንናገር። ጓሮ ጎተራ አይሆንም። በአገራችን የጤፍ ምርት በአማካይ በሄክታር 18 ኩንታል ገደማ ነው። ይህ ማለት 100 ካሬ ሜትር ጓሮ ሙሉውን ጤፍ ቢዘራ የሚሰጠው 18 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ከጥቂት ሳምንት አያልፍም። ዘይቱም፣ ስኳሩም፣ በርበሬውም ከገበያ ነው። «ከገበያ ተላቅቄ እኖራለሁ» የሚል የከተማ ሰው ራሱን ያታልላል።

የዶሮም ነገር እንዲሁ ሂሳብ ይፈልጋል። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ መኖ ትበላለች። አሥር ዶሮ በወር 36 ኪሎ ይሆናል። በደንብ ከተያዙና በቀን ሰባት እንቁላል ከሰጡ በወር 210 ነው። አሁን የመኖ ዋጋችሁን በእንቁላል መንዝሩት። አንድ ኪሎ መኖ የአራት እንቁላል ዋጋ ካወጣ 144 እንቁላል ለመኖ ይሄዳል፤ ለቤት የሚተርፈው 66 ነው። ኪሎው ስድስት እንቁላል ከደረሰ ግን 216 ይፈለጋል፤ ይህ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ በግዢ መኖ የሚያድር ዶሮ ገበያን ከደጅ ወደ ግቢ ማስገባት እንጂ ራስን መቻል አይደለም። ትርፉ ያለው ከማዕድ በሚተርፈውና በቅጠሉ ላይ ነው። የ45 ቀን ጫጩት የሚገዛ ሰውም እስክትጥል ሦስት ወር ተኩል ያህል መታገስ እንዳለበት፣ የፈንግል ክትባት ካላስከተበ ደግሞ ቆጡ በአንድ ሳምንት ባዶ ሊቀር እንደሚችል አይርሳ።

ጓሮ የሚችለው ሌላ ነው። ቶሎ የሚበላሸውን፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚፈለገውን፣ ውሃ የሚበዛበትን ይችላል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ቃሪያ ከገበያ ሲመጡ ዋጋቸው በመንገድ ይጨምራል፣ ከቤት ሳይደርሱም ይጠወልጋሉ። ከጓሮ ግን ሲፈለጉ ይቀነጠባሉ። ሌላም ነገር አለ። በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር የሚለማው አትክልት የሚጠጣው የፋብሪካና የፍሳሽ ቆሻሻ የተቀላቀለበትን ውሃ ነው፤ ተመራማሪዎች በዚያ አትክልት ላይ ከባድ ብረቶች ማግኘታቸውን ደጋግመው ጽፈዋል። ሲታጠብ የማይለቅ ነው። በራስህ ውሃ ያጠጣኸው ጎመን ግን ታሪኩን ታውቀዋለህ።

ውሃውስ? በአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት አሥር ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 600 ሊትር ይወርድለታል፤ እነዚያን ሦስት ባለ 200 ሊትር በርሜሎች የሚሞላ ነው። አሸንዳ የሌለው ቤት ይህንን ሁሉ ወደ ጎረቤት አጥር ይለቀዋል።

ጓሮ ለሌለው

ሰሚትን አልፈን ቦሌ አራብሳ ስንደርስ ጓሮ የሚባል ነገር የለም። ብሎክ በብሎክ ላይ ነው። ቢሆንም በረንዳውን ቀና ብሎ ያየ ሰው በማዳበሪያ ጆንያ የተተከለ ጎመን፣ በቀለም ቆርቆሮ የበቀለ በሶብላ ያያል። በብሎኮቹ መካከል ባለችው ባዶ ቦታ ላይ ነዋሪዎች ተስማምተው ካሮትና ቀይ ሥር የዘሩበትም አለ። እዚህ ላይ የጎረቤት ሐቅ ይታሰብ። በረንዳ ላይ ዶሮ ማርባት ሽታውና ጩኸቱ ለታችኛው ቤት ነው፤ ከላይ የሚንጠባጠብ ውሃም የሌላውን ልብስ ያበላሻል። በግ የሚታረደውም በጋራ በተሠራው ኮሙናል ቤት እንጂ በደረጃ ላይ አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር መንግሥት «የሌማት ትሩፋት» ብሎ የእንቁላል፣ የወተት፣ የማርና የዓሣ ምርት እንዲስፋፋ ዘመቻ ከጀመረ ወዲህ በከተማችንም የጓሮ ልማት ወሬ በዝቷል። ነገሩ ለእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ነዳጅና ማዳበሪያ የተቋረጠባት ኩባ ዋና ከተማዋን ሃቫናን በባዶ ቦታዋ ሁሉ አትክልት አስተክላለች። ሩዙንና ስንዴውን ግን ኩባም ከውጭ ማስገባቷን አላቆመችም። ቅጠላ ቅጠሉ ነው ከደጃፍ የመጣው። የጎሮዋ እናት ያሉትም ይህንኑ ነው፤ «ጓሮ አያጠግብም፤ ግን የገበያን ደጅ ከመጥናት ያሳርፋል።»

ታዲያ የእናትና የልጁ ክርክር የት ደረሰ? በመንገድ በኩል አንዲት ክፍል ብቻ ልትሠራ፣ የክፍሏም ቆርቆሮ አሸንዳ ወጥቶለት ውሃው ወደ በርሜሎቹ እንዲወርድ፣ የቀረው ጓሮ እንዳለ እንዲቆይ ተስማምተዋል። ኪራይ ከጎመን እንደሚበልጥ እናትየው አልካዱም። ኪራይ የሚከፈለው ግን ተከራይ ሲኖር ነው፤ የተለሰነ አፈር ደግሞ ተመልሶ ጓሮ አይሆንም። ልጅየውም ይህንን አልካደም።

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሶደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት አስተምረውናል። ከአጥራችሁ ሥር አንድ ክንድ አፈር ካለች፣ ወይም በረንዳችሁ ላይ ፀሐይ የሚያገኝ ጥግ ካለ፣ ከሚመጣው ክረምት በፊት አንድ ነገር ትከሉ። ግቢያችሁን ለማስለሰን ሠራተኛ የጠራችሁ ካላችሁም፣ ሲሚንቶው ከመቦካቱ በፊት ከቤተሰባችሁ ጋር ቁጭ በሉና ምን ያህሉ አፈር ሆኖ ቢቀር እንደሚሻል ተመካከሩ። አላህ በረካውን ያብዛላችሁ።